አጠገብ መኖር

በግዕዝ ሥርዓት በሚቀደስበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ምእመናኑ ሰላም እንዲሰጣጡ የሚያዝዝበት ጊዜ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ቀኙ ዞሮ እጅ ይነሣል፤ ወደ ግራው ዞሮ እጅ ይነሣል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንበሩ ይመልሳል። ነገሩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ላይ አንዲት እናት እናስብ፤ ቦታው በጉራጌ፣ እምድብር አካባቢ ካሉት ቁምስናዎች በአንዱ ይሁን። ነጠላዋን አጣፍታ በሴቶች በኩል በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ቆማለች። በቀኟ የቆመችው ሴት የአጥር ጎረቤቷ ናት። ሁለቱ ከሐምሌ ወዲህ አይነጋገሩም፤ ከአንዷ ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውኃ የሌላዋን ማድ ቤት አጥለቅልቆት በዚያው ተቀያይመዋል። ዲያቆኑ ሲያዝዝ እናት ትንሽ ትዘገያለች። የነጠላዋን ጥለት ታስተካክላለች። ከዚያም አንገቷን ሰበር አድርጋ ወደ ቀኝ እጅ ትነሣለች፤ ጎረቤቷም እንዲሁ ታደርጋለች። ዐይን ለዐይን ግን አይተያዩም። ቅዳሴው ይቀጥላል።

በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሆነው ምንድን ነው? አንዱ ሰው ግብዝነት ነው ሊል ይችላል፤ ልብ ያልሰጠውን ሰላም አንገት ሰጠ፣ ሌላ ነገር የለም። ለዚህ አነጋገር ከወንጌልም ድጋፍ አያጣም። በማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ፣ መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። ትእዛዙ በጥሬው ከተያዘ እናት ጎረቤቷን አስከትላ መውጣት ነበረባት። ነገር ግን የተቀየመና ያስቀየመ ሁሉ በዚያች ሰዓት ቢወጣ ማን ይቀራል? ቂም የሌለባቸው ጥቂቶች ብቻ ቀርተው ቢያስቀድሱ ቤቱ የታረቁ ሰዎች ቤት ይሆናል፤ መታረቂያነቱ ግን ይቀራል። ሌላው ሰው ደግሞ፣ እጅ መንሣቷ ስሜቷን የምትመሰክርበት ሳይሆን ዕዳዋን የምታምንበት ነው ይላል፤ እናት ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ ይቅርታ አለብኝ ነው ያለችው። ይህ አተረጓጎም ይሻላል። ቢሆንም እሱም አንድ ነገር ሳይመልስ ያልፋል። ዕዳው ከየት መጣ? እነዚህ ሁለት ሴቶች ባልንጀሮች አይደሉም፤ ዘመዳሞችም አይደሉም፤ አንዷ ሌላዋን አልመረጠችም። በአንድ አግዳሚ ያቆማቸው የአንድ ቁምስና ሰዎች መሆናቸው ነው። እንግዲህ ጥያቄው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቁምስና ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ «ቆመ» ከሚለው የወጣ ይመስላል፤ የቆሙበት ቦታ፣ ቆሞ መገኘት፣ አብሮ መቆም። ደስ የሚል ስሜት አለው፤ ምንጩ ግን ሌላ ነው። ቁምስና የቆሞስ ሹመትና የቆሞስ ክልል ነው። ቆሞስ ደግሞ «ሄጉሜኖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል በቅብጥና በዓረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው፤ መሪ ማለት ነው። አማርኛ ማኅበረ ምእመናኑን የጠራው በእረኛው ስም ነው ማለት ነው። የምዕራቡ ዓለም ካቶሊኮች ለዚሁ ነገር የሚጠቀሙበት ቃል ግን ከሌላ የግሪክ ቃል ይወርዳል፤ «ፓሮኪያ» ከሚለው። «ፓራ» አጠገብ ነው፣ «ኦይኮስ» ቤት ነው፤ አጠገብ መኖር ማለት ነው። በጥንቱ ግሪክ ግን ቃሉ የዘመድ ጉርብትና አልነበረም። የራሱ ባልሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ኑሮ ነበር፤ ዜጋ ያልሆነ፣ አላፊ መንገደኛም ያልሆነ፣ ዓመታት ቢቀመጥም ርስት የሌለው ሰው። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት እስራኤል በባዕድ ምድር የኖረውን ኑሮ በዚህ ቃል ጻፉት። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ክርስቲያኖችን በዚሁ ቃል ነው የሚጠራቸው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ «እንግዶችና መጻተኞች» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መጻተኛ፣ መጥቶ የተቀመጠ። ቤት አለው፣ ቤቱ ግን በሰው አገር ነው። ይህ ቃል እንዴት ተደርጎ ከነገሮች ሁሉ የአገር ቤት ለሆነው ነገር፣ ለሰፈር ቤተ ክርስቲያን፣ መጠሪያ ሊሆን ቻለ? በመጀመሪያ የአንድን ከተማ ክርስቲያኖች በሙሉ በአንድ ጳጳስ ሥር ያሉትን ያመለክት ነበር፤ በቆሮንቶስ በእንግድነት የሚኖሩ፣ በሮም በእንግድነት የሚኖሩ። ዘመን ሲያልፍ ክርስቲያኑ በዛ፤ ቃሉ ጠበበ፤ ወደ ገጠር ወረደ፤ የአንድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ። እንግድነቱ ተረሳና አጠገብነቱ ቀረ። ወይም እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ ባላገር ሆኑ፣ ስማቸው ግን መጻተኛ እንደሆነ ቀረ። ስሙ ያቆየውን ነገር ኑሮው ረስቶታል።

የሕግ አዋቂዎችም በዚህ ነገር ላይ አሳባቸውን አንድ ጊዜ አላጸኑም። በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ ቀኖና ቁምስናን የሀገረ ስብከት የመሬት ክፍል አድርጎ ያየዋል፤ ድንበር ያለው፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያንና የራሱ ካህን ያለው ክልል። ከ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በ1983 የወጣው ሕግ ደግሞ በቁጥር 515 ቁምስና የምእመናን ማኅበረሰብ ነው አለ። የኢትዮጵያ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት፣ ለምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት በ1990 የወጣው ሕግም እንዲሁ ያለ ነው። ለውጡ ትልቅ ነው፤ መሬት የነበረው ሰው ሆነ። ሆኖም ያው የ1983 ሕግ ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ በ518፣ ቁምስና እንደ ጠቅላላ ደንብ በመሬት ይከለላል ይላል። ማኅበረሰብ ነው፤ የሚለካው ግን በድንበር ነው። ይህ የሕግ አርቃቂዎች አለመወሰን ሊመስል ይችላል። ሲያስቡት ግን ጥበብ አለበት። መሬት ሰውን አይጠይቅም። ከወንዝ ወዲህ ያለ ሁሉ፣ የተማረውና ያልተማረው፣ ጨዋውና ነገረኛው፣ ደግ ልጅ ያሳደገውና ልጁ ያሳፈረው፣ ሁሉም ከወንዝ ወዲህ ነው። ማኅበረሰብ የሚለው ቃል ብቻውን ቢቀር ኖሮ፣ የሚዋደዱ ሰዎች ስብስብ ወደ መሆን ባዘነበለ ነበር። ድንበሩ ለፍቅር ያልተመቸውን ሰው አስገብቶ ያስቀምጣል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩነቱ በቀላሉ የሚገለጥለት ከእድርና ከጽዋ ማኅበር ጋር ሲያስተያየው ነው። እድር መዝገብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮ ያቋረጠ ከጊዜ በኋላ ይሰረዛል። የጽዋ ማኅበር በቅዱሱ ወይም በጻድቁ ስም በየወሩ በተራ የሚደገስ የወዳጆች ማዕድ ነው፤ አዲስ ሰው የሚገባው ነባሮቹ ሲስማሙ ነው። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው፤ ይህን አገር በኀዘንም በደስታም የያዙት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ግን የሚቆሙት ሰው ወዶ በመግባቱ ነው። ቁምስና ቅጣት የለውም። ሕፃኑ በ40 ቀኑም ይሁን በ80 ቀኑ ሳይጠየቅ ተጠምቆ ይገባል፤ ካደገ በኋላ 30 ዓመት ሳይታይ ቢቀር ማንም አይሰርዘውም። እንዲያውም መሰረዝ የሚባል ነገር የለም፤ ጥምቀት አይፋቅም የሚል ትምህርት አለና። በሥርዓት የተወገዘ ሰው እንኳ ከምስጢራት ይከለከላል እንጂ ያልተጠመቀ አይሆንም። ታዲያ ያልመረጡትን፣ የማይሰርዙትን፣ የማይቀጡትን ሰው የሚያስተሳስረው ምንድን ነው? እምነት ነው ቢባል፣ የእምነት ወንድም በዓለም ሁሉ አለ፤ ለምን ይህ በቀኝ በኩል የቆመው? ፍቅር ነው ቢባል፣ ከላይ የታዩት ሁለቱ ሴቶች ይመስክሩ።

በከተማ ነገሩ ይለያል የሚል ሰው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በቅርቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን በታክሲ አልፎ ስብከቱ ወደሚጥመው፣ መዘምራኑ ወደሚያምሩለት፣ ወይም የሚያውቁት ሰዎች ወዳሉበት የሚሄድ ምእመን ጥቂት አይደለም። ሕጉም አይከለክለውም፤ የእሑድ ቅዳሴ ግዴታ በየትኛውም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። እንዲህ ያለውን ሰው ለመንቀፍ መቸኮል አያስፈልግም፤ በእግዚአብሔር ቤት ነፍሱ የምታርፍበትን ማዕዘን መፈለግ ነውር አይደለም። ግን አንድ ነገር በዚያ ታክሲ ውስጥ ሳይታወቅ ይወድቃል። ሰው ሲመርጥ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ እሱን የሚመስለውን ነው፤ የሚስማማውን ስብከት፣ የሚስማማውን ዜማ፣ የሚስማማውን ሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ በቀኙም በግራውም የሚያገኘው ራሱን ይሆናል። ሰላም ስጡ ሲባልም ከራሱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል።

ይህ አባባል ግን ተቃራኒውን ሳያዩ ቢያጸኑት ጨካኝ ይሆናል። በቁምስናዋ ስሟ የጠፋ ሴት አለች እንበል። ያላደረገችውን አደረገች ተብላ፣ ቡና ላይ ተነሥታ፣ ከቅዳሴ መልስ ሰው በዐይኑ ሸኝቷት፣ በመጨረሻ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እሷን የመረጥሽው ምቾትሽን ነው የሚላት ማን ነው? ያልተመረጠ ጉርብትና ብቻውን ቅድስና ቢሆን ኖሮ እስር ቤት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሆነ ነበር። ሰውን ከሰው ጋር በአንድ ድንበር መክተት ፍቅርን አይወልድም፤ አንዳንዴ የሚወልደው ሐሜትን ነው። እንግዲህ ድንበሩ የሚጠቅመው አንድ ነገር ሲጨመርበት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ድንበሩ ብቻውን የቀረበትን ቦታ ማየት ያግዛል።

የመጀመሪያው ምሳሌ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ያለው ነው። ብዙ ሰው ጥንት ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ብሎ ያስባል፤ የሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ ግን በግሪክኛ የሚናገሩት ሰዎች መበለቶቻችን በዕለቱ እደላ ተዘለሉብን ብለው ማጉረምረማቸውን ይነግረናል። ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በዚህ የምግብ ክርክር ምክንያት ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት 11ኛ ምዕራፍ የሚገሥጸው በእምነት የሳቱትን አይደለም፤ ከጌታ እራት በፊት የየራሳቸውን ይዘው መጥተው፣ ባለጠጋው ሲጠግብ ድኻው እየተራበ የሚያይበትን ማዕድ ነው። በአንድ ቤት ነበሩ፤ ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዱ ግን ለሌላው አልነበረም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የቆሮንቶስ ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ ይጠብቀናል። በካፋ ማንጆ የሚባሉት፣ በጉራጌ ፉጋ የሚባሉት ሰዎች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ፣ በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ፣ የሰው ቤት እንዳይገቡ ተደርገው ትውልድ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ተጠምቆ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ሲሻገር ምን ይሆናል? ቤቱ ያላስገባው ጎረቤቱ እዚህ ከአጠገቡ ቆሟል። ቁርባኑ አንድ ነው። አንዱን ኅብስት ከተቀበሉ በኋላ ወደየቤታቸው ሲመለሱ አንዱ ለሌላው ዋንጫ የማያውስ ከሆነ፣ የትኛው ነው እውነት፤ የመንበሩ ማዕድ ወይስ የቤቱ ማዕድ? አንድ ሰው ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ የነፍስ ሌላው የባህል ነው ቢል፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ የጻፈውን ከመጽሐፉ መቅደድ ይኖርበታል። የክርስትና ኑሮ በቁምስና ውስጥ የሚፈተነው በቅዳሴ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ፈተናው ግን እዚያ አያልቅም፤ ቡና ሲፈላ ይቀጥላል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎችን ትቶልናል፤ ሁለቱም ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 እ.ኤ.አ. ሲመጡ አፄ ሱስንዮስ አስቀድመው ካቶሊክነታቸውን ገልጸው ነበር፤ ከሜንዴዝ በፊት የነበሩት ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝም በትዕግሥትና በጨዋታ መንገዱን ጠርገው ነበር። ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና እንዲካን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና እንዲባረክ፣ ጾሙና የበዓሉ ቀን እንደ ሮም እንዲሆን አዘዙ። ስለ እምነታቸው ቅንነት መጠራጠር ተገቢ አይደለም። ስሕተታቸው የመጡበትን ቤት የራሳቸው አድርገው ማየታቸው ነው፤ መጻተኛ መሆን ሲገባቸው ባለቤት ሆኑ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ከ200 ዓመት በኋላ በ1839 ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ወደ ትግራይ መጡ። እሳቸው ያደረጉት የተለየ ነገር አጠገብ መቀመጥ ነው። ቋንቋውን ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፤ እንደ አገሩ ሰው በሉ፤ የግዕዙን ሥርዓተ አምልኮ በላቲኑ አልተኩትም። በ1841 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከሚሄደው የመልእክተኞች ቡድን ጋር አብረው እንዲሄዱ ሲጠየቁ ሄዱ፤ የሌላውን ቤት ጉዳይ እንደ ጎረቤት ጉዳይ አድርገው። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ አላቸው። በ1860 በመንገድ ላይ ሞቱ፤ የተቀበሩት ኤርትራ ውስጥ በሄቦ ነው፤ በ1975 ቅዱስ ተብለዋል። ልዩነቱን ጠባይ ብቻ አድርጎ ማየት ያሳንሰዋል። ሜንዴዝ አንድነትን የፈለጉት ሌላው እሳቸውን በመምሰሉ ነው። ደ ያዕቆቢስ የፈለጉት ሌላው ሌላ ሆኖ ሳለ ከአጠገቡ በመቀመጥ ነው። ከላይ የጎደለው፣ በድንበሩ ላይ መጨመር ያለበት ነገር፣ እዚህ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም።

ከደ ያዕቆቢስ ደቀ መዛሙርት አንዱ ግን ነገሩን ገልብጠውታል። በ1791 ጎጃም ውስጥ የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል የመርጡለ ማርያም መነኩሴ ነበሩ፤ አንድ ዐይናቸው በልጅነት የጠፋ፣ በቀረው ዐይናቸው መጻሕፍትን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው። በግብፁ ጉዞ ከደ ያዕቆቢስ ጋር ሄዱ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በእምነታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ፤ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። እሳቸው በአገራቸው ሳሉ መጻተኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ጎጃሜ ናቸው፣ መነኩሴ ናቸው፣ የግዕዝ ሰው ናቸው፤ በገዛ ቤታቸው ግን እንግዳ ሆኑ። ከውጭ የመጣው ጎረቤት ሆነ፣ የቤቱ ልጅ እንግዳ ሆነ። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ከሁለቱም ቤት አይደለም፤ አጠገብ ነው።

ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ሰው አንድ የማይሞላ ሰው አብዛኞቹ ጎረቤቶቹ ከእሱ የተለዩ ናቸው። «የፈረንጅ ሃይማኖት» የሚል ቃል በልጅነቱ ሳይሰማ ያደገ ጥቂት ነው፤ ገናውን ግን ከጎረቤቱ ጋር ታኅሣሥ 29 ነው የሚያከብረው፣ ፋሲካውንም ጎረቤቱ በሚያከብርበት ቀን ያከብራል። አባቱ ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው እድር ነው፤ በእድሩ ውስጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አለ። ለፍትሐት ሲገባ አንዳንዱ ጎረቤት ደጃፍ ላይ፣ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ ይጠብቃል፤ ሬሳው ሲወጣ ተነሥቶ ይሸከማል። ያ በዛፍ ሥር የጠበቀ ሰው ከቁምስናው ነው ወይስ ከቁምስናው ውጭ? በመዝገቡ የለም። በቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ግን፣ ከቤቱ አጠገብ የተቀመጠው እሱ ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፈው መከላከያ፣ ክርስቲያኖች በእሑድ ጉባኤያቸው የሚያዋጡት ገንዘብ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና በመካከላቸው ላሉ እንግዶች እንደሚውል ያስረዳል። በሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የሚገባው ሳንቲም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ እግሩ ከደጅ ውጭ ነው። ዛሬም በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት፣ በካቶሊክ ክሊኒኮች ከሚታከሙት አብዛኞቹ ካቶሊኮች አይደሉም።

«ፓሮኪያ» የሚለው ቃል ወደ ጥሬ ትርጉሙ የተመለሰበት ሌላ ቦታ ደግሞ አለ፤ ባሕረ ሰላጤው። በ1967 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዱባይ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆመው ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ ሰው ነው፤ ሕንዳዊው፣ ፊሊፒናዊው፣ ሊባኖሳዊው፣ አፍሪካዊው። እዚያ አገር የሳምንቱ ዕረፍት በ2022 እስኪለወጥ ድረስ ዓርብ ስለነበር ብዙው ሰው የእሑዱን ቅዳሴ የሚሰማው ዓርብ ነበር። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከአሠሪዎቿ ሁለት ሰዓት ለምና መጥታ፣ ቋንቋውን በግማሽ በሚገባት ቅዳሴ መሀል ከማታውቃት ሴት ጋር ሰላም ትለዋወጣለች። ሁለቱም ርስት የላቸውም፤ ሁለቱም የመኖሪያ ፈቃድ ቀን አላቸው። ያ ቁምስና ምናልባት በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ይልቅ ስሙን የሚመስለው ነው። ይህን ማለት ግን ስደትን ማሞገስ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል፤ ፓስፖርቷን ሌላ ሰው የያዘባት ልጅ እንግድነቷን እንደ መንፈሳዊ ጸጋ አትቆጥረውም፤ ልትቆጥረውም አይገባም። መጻተኛ ማለት ሰው ሲቀበለው ብቻ ጥሩ ቃል የሚሆን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ያልተፈታ ነገር ይቀራል። አጠገብ መኖር አብሮ መኖር አይደለም። አብሮ ሲሉ መካከል የለም፤ አጠገብ ሲሉ መካከል አለ፤ አጥር አለ፣ ዝምታ አለ፣ የተለያየ ጣሪያ አለ። ክርስትና ስለ አንድነት ሲናገር የሚናገረው ስለ አንድ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ ከአብሮም የጠለቀ ነው። ታዲያ አንድ አካል የሆኑ ሰዎች ስማቸው እንዴት ጎን ለጎን የሚኖሩ እንግዶች ይሆናል? ምናልባት አንዱ የሆነውን፣ ሌላው የሚኖሩትን ይናገር ይሆናል። ምናልባትም ያች መካከል፣ ያች የአንድ ክንድ ርቀት፣ እጅ ለመንሣት የምታስፈልገው ቦታ ናት፤ ተጣብቆ የቆመ ሰው ለሌላው መስገድ አይችልምና።

በየቁምስናው ቢሮ አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። ልማዱ የቆየ ነው፤ የትሬንት ጉባኤ በ1563 እ.ኤ.አ. ካህናት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ አዟል። ጠርዙ ያለቀ ጥቁር ሽፋን፣ በመስመር የተከፋፈለ ሰፊ ገጽ ነው። ተራ ቁጥር፣ የተጠማቂው ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ ያጠመቀው ካህን ፊርማ። በቀኝ ጠርዝ ባዶ የተተወ ቦታ አለ። ሰውየው የትም አገር ቢያገባ፣ ያገባበት ቁምስና ወደ ተጠመቀበት ቁምስና ጽፎ ያሳውቃል፤ ጋብቻውም በዚያ ባዶ ቦታ ይመዘገባል። ሰው በሄደበት ሁሉ እንግዳ ቢሆንም አንድ መስመር አንድ ቦታ ቆማ ትጠብቀዋለች።

መጀመሪያ ላይ ያሰብናት እናት አንድ ማክሰኞ ወደዚያ ቢሮ መጣች እንበል። ዱባይ ያለችው ልጇ ልታገባ ነው፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ላኩልኝ ብላለች። ወጣቱ ካህን መዝገቡን ከመደርደሪያው አውርደው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። የልጅቱን ስም አገኙ። የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም አነበቡ፤ ከዚያ የክርስትና እናቷን። እናት ያን ቀን ታስታውሳለች። ክርስትና እናት እንድትሆን የታሰበችው አክስት ወንዝ ሞልቶባት ሳትደርስ ቀረች፤ ካህኑ ቆመው ሲጠብቁ፣ አጠገቧ የነበረችው የአጥር ጎረቤቷ ሕፃኗን ከእጇ ተቀበለች። ስሟ እነሆ ከእሷ ስም ቀጥሎ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቀለም ተጽፏል።

«ክርስትና እናቷ ደኅና ናቸው?» አሉ ካህኑ፣ ቀና ሳይሉ፣ እየጻፉ።

እናት የነጠላዋን ጥለት ያዘች። «ደኅና ናት፣ አባ። አጥር ለአጥር ነን።»

ካህኑ ወረቀቱን አትመው፣ ፈርመው ሰጧት። ልጅቱ ስታገባ የሚጻፍበትን የቀኝ ጠርዝ ባዶ ቦታ በእርሳስ ጭረት ምልክት አድርገው መዝገቡን ዘጉ።